የሳይንስ ጨዋታ ለክፍላችሁ ስትመርጡ፦ የትኛው ለየትኛው ትምህርት?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት አስተምሬ ስጨርስ ለተማሪዎቼ የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀሁ። ክፍሉ በቡድን ተከፈለ። ነጥብ ተቆጠረ፣ ተጨበጨበ፣ ተጮኸ። የተከታታይና የትይዩ ዑደት ልዩነትን፣ የኦምን ሕግ፣ የአሚተርን ሥራ እንደ ውሃ ጠጥተውታል። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ለየቡድኑ አንድ ባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ትንሽ አምፖልና አንድ ቁራጭ ሽቦ ሰጠሁና "አብሩት" አልኳቸው። ከአሸናፊው ቡድን አንድም ሰው ማብራት አልቻለም። ሽቦውን ከባትሪው አንድ ጫፍ ወደ አምፖሉ ታች ያገናኙና ይጠብቃሉ። አምፖል ሁለት የመገናኛ ነጥብ እንዳለው፣ አንዱ ከታች ጫፉ ሌላው በጎኑ ባለው ብረት ላይ እንደሆነ፣ ካረንቱ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት እንዳለበት ማንም አላሰበም። የኦምን ሕግ በቃሉ የሚወጣ ልጅ አምፖሉን በእጁ ይዞ ግራ ሲገባው ማየት ልብ ይነካል።

ውድድሩ መጥፎ አልነበረም። ስሞቹንና ቀመሮቹን አስታውሰዋል። እኔ የፈለግሁት ግን ሌላ ነበር፤ የመረጥኩት ጨዋታ ደግሞ ለዚያ የተሠራ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የማስተማሪያ ጨዋታ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ተማሪው በዚህ ጨዋታ ለማሸነፍ ጭንቅላቱ ምን መሥራት አለበት? ቶሎ ማስታወስ ነው? መገመት ነው? መለካት ነው? ምክንያትና ውጤትን ማያያዝ ነው?

ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። ሳይንሱን አውጡና በምትኩ የሰዋስው ጥያቄ ክተቱበት። ጨዋታው ምንም ሳይለወጥ ከቀጠለ ሳይንሱ እዚያ ውስጥ እንግዳ ነው ማለት ነው። ሳይንሱ ሲወጣ ጨዋታው ከፈረሰ ግን የጨዋታው ሕግ ራሱ ሳይንሱ ነው። ሁለቱም ዓይነት ቦታ አላቸው። ቦታቸው ግን የተለያየ ነው። ከዚህ በታች የማወዳድራቸውም በዚህ መነጽር ነው።

አስቀድሜ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ተማሪዎች "ዛሬ ብዙ ተማርን" ሲሉ ሁልጊዜ ልክ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የፊዚክስ ተማሪዎችን በሁለት መንገድ አስተምሮ አወዳደረ። አንዱ ጥርት ያለ ሌክቸር ነበር። ሌላው ተማሪዎቹ ራሳቸው እየታገሉ የሚሠሩበት ክፍል ነበር። በፈተናው የበለጡት የታገሉት ናቸው። ሲጠየቁ ግን የበለጠ የተማርን መሰለን ያሉት ሌክቸሩን የሰሙት ነበሩ። ስለዚህ የክፍሉ ሳቅም ሆነ የክፍሉ ዝምታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የጥያቄና መልስ ውድድር

ከሁሉም የተለመደው ይሄ ነው። ከኖርዌይ የመጣው ካሁት እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ በጣም ብዙ ክፍሎች ገብቷል። ጥያቄው በፕሮጀክተር ይታያል፣ ተማሪው በሞባይሉ ይመልሳል፣ ቶሎ የመለሰ ብዙ ነጥብ ያገኛል።

ይህ ዓይነቱ ጨዋታ የሚያሠራው ማስታወስን ነው። ማስታወስ ደግሞ አይናቅም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡ ተማሪዎች ይልቅ አንድ ጊዜ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታወሱ። ስለዚህ የንጥረ ነገሮችን ምልክት፣ የሕዋስ ክፍሎችን ስም፣ የመለኪያ አሃዶችን ለማስጨበጥ ፈጣን ውድድር ጥሩ ምርጫ ነው። በተለይ ትምህርቱ ካለቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲደረግ።

ችግሩ የሚመጣው የሚያሳስብ ጥያቄ ስናስገባበት ነው። ይህን ውሰዱ፦ ኳስ ወደ ላይ ተወርውሮ ጫፉ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል። ፍጥንጥነቱስ (ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን)? ሰዓቱ እየቆጠረ፣ ጓደኛው እየጮኸ፣ ልጁ "ዜሮ" የሚለውን ይነካል። ረጋ ብሎ "ቆይ፣ ስበቱ ጫፉ ላይ ስለደረሰ አይጠፋም፤ ፍጥንጥነቱ ያው 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ወደ ታች ነው" ብሎ ማሰብ የጀመረው ልጅ ይሸነፋል። ማሰብን የሚቀጣ ጨዋታ ለሳይንስ አይሆንም።

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተሻለው የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው መንገድ ነው። ጥያቄው ይቀርባል። እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው አስቦ ድምፅ ይሰጣል። ትክክለኛው መልስ አይነገርም። ከዚያ "ከአንተ የተለየ መልስ የሰጠ ጓደኛ ፈልግና አሳምነው" ይባላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይከራከራሉ። እንደገና ድምፅ ይሰጣሉ። በመጀመሪያው ዙር በግምት ከ30 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ክፍል ልክ ከሆነ ክርክሩ ፍሬ ያፈራል። ከዚያ ካነሰ የሚያሳምን ሰው ይጠፋል፤ ከዚያ ከበለጠ የሚከራከር ይጠፋል።

እዚህ የሚሸነፈው ጓደኛ አይደለም፤ የተሳሳተው ሐሳብ ነው። ለዚህ ነው ከፈጣኑ ውድድር የማስበልጠው። መሣሪያም አይፈልግም። ፕሊከርስ የሚባለው ዘዴ ለተማሪው የታተመ ካርድ ይሰጥና መምህሩ በአንድ ሞባይል ካሜራ የሁሉንም መልስ ያነባል። እሱም ከሌለ ጣት ይበቃል፤ አንድ ጣት ለ"ሀ"፣ ሁለት ለ"ለ"። ጣቱን ደረታቸው ላይ አድርገው ያሳዩ፤ ጎረቤት እንዳይኮርጅ።

እግርና እጅ የሚያንቀሳቅሱ ጨዋታዎች

እኔ በጣም የምወደው ይህን ክፍል ነው። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የጨዋታው ሕግና የተፈጥሮ ሕግ አንድ የሚሆኑት በብዛት እዚህ ስለሆነ ነው።

ከአምፖሉ ልጀምር። ከዚያ ቀን በኋላ ረጅም ገመድ ወስጄ ጫፍና ጫፉን አሰርኩት። ተማሪዎቹ ክብ ሠርተው ቆሙ፤ ገመዱ በሁሉም እጅ ውስጥ ላላ ብሎ ያልፋል። እኔ ባትሪ ነኝ። ገመዱን በአንድ እጄ እየሳብኩ በሌላው እለቃለሁ። ገመዱ በሁሉም እጅ ውስጥ በአንድ ጊዜ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ማብሪያውን ስንጫን አምፖሉ ወዲያው የሚበራው ለምን እንደሆነ እዚያው ታየ፤ ካረንቱ ከባትሪ ተነስቶ እስኪደርስ አንጠብቅም። ከዚያ አንዷን ልጅ "ጠበቅ አድርገሽ ያዢው" አልኳት። እሷ አምፖል ሆነች። እጇ ሞቀ። ገመዱ በእሷ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በሁሉም እጅ ውስጥ ፍጥነቱ ቀነሰ። "ከአንቺ በኋላ ያለው ገመድ አነሰ?" ብዬ ጠየቅሁ። አላነሰም። "አምፖሉ ካረንቱን ይበላዋል" የሚለው ሥር የሰደደ የተሳሳተ ግንዛቤ በአሥር ደቂቃ ተናጋ።

ሁለተኛው የምንቃር ጨዋታ ነው። ለተፈጥሯዊ ምርጫ ትምህርት ከዚህ የሚሻል አላየሁም። የተለያየ መጠን ያላቸው ዘሮች መሬት ላይ ይበተናሉ። ለአንዱ ተማሪ መቆንጠጫ፣ ለሌላው ማንኪያ፣ ለሌላው ሁለት ቀጭን እንጨት ይሰጠዋል፤ ይህ ምንቃሩ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተወሰነ ዘር ያልለቀመ ይሞታል። የተረፈው ይወልዳል፤ የሞተው ልጅ የተረፈውን ዓይነት ምንቃር ይዞ እንደ ልጁ ይመለሳል። በሦስተኛው ዙር መምህሩ ትንንሾቹን ዘሮች ያነሳል። ድርቅ መጣ ማለት ነው።

ትልቁ የትምህርት ቅጽበት የሚመጣው አንድ ልጅ "መምህር፣ ይሄ አልሆነኝም፣ ልቀይር?" ሲል ነው። ሁሌም የሚል ይኖራል። መልሱ "አይቻልም፤ ወፍ ምንቃሯን አትቀይርም" ነው። እዚህ ላይ ጨዋታውን አቁሙትና ተወያዩበት። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እንስሳ "ስለሚያስፈልገው" ራሱን ይለውጣል ብለው ነው። የሚለወጠው ግን የቡድኑ ስብጥር ነው። በእውነተኛው ዓለምም ታይቷል። ፒተርና ሮዝመሪ ግራንት በጋላፓጎስ ደሴቶች ዳፍኔ ሜጀር በምትባለው ትንሽ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1977 ከደረሰው ድርቅ በኋላ ትንንሽ ዘሮች ሲያልቁ ጠንካራውን ዘር የሚሰብሩት ወፍራም ምንቃር ያላቸው ፊንች የሚባሉ ወፎች በብዛት እንደተረፉ ለክተው መዝግበዋል። ይህን ታሪክ ከጨዋታው በፊት አትንገሩ። ከተጫወቱ በኋላ ሲሰሙት "እኛ ያደረግነው ነው እኮ!" ይላሉ።

የውሃ ዑደትም እንዲሁ። መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ውሃ ከባሕር ወደ ደመና፣ ከደመና ወደ ዝናብ፣ ከዝናብ ወደ ወንዝ በሥርዓት እየተሰለፈ የሚዞር ያስመስለዋል። በክፍሉ ውስጥ ባሕር፣ ደመና፣ ወንዝ፣ የከርሰ ምድር ውሃ፣ የበረዶ ግግር፣ ተክል የሚሉ ቦታዎች አዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ቦታ የዳይስ ሕግ ጻፉለት። ባሕር ላይ ከስድስቱ ገጽ አራቱ "እዚያው ቆይ" ይበሉ፤ በረዶው ላይ ደግሞ አምስቱ። እያንዳንዱ ተማሪ የውሃ ሞለኪውል ሆኖ የደረሰበትን ይመዘግባል። በመጨረሻ ባሕሩ ጋ ሰልፍ ይበዛል። "መምህር፣ እኔ ከባሕር መውጣት አቃተኝ" ሲል አንድ ልጅ፣ የምድር ውሃ 97 በመቶ ያህሉ ውቅያኖስ ውስጥ መሆኑ ለእሱ ባዶ ቁጥር መሆኑ ያበቃል።

የራዲዮአክቲቭ ግማሽ ዕድሜን፣ ማለትም ከአቶሞቹ ግማሹ እስኪፈራርስ የሚወስደውን ጊዜ፣ ደግሞ 100 ሳንቲም ያስተምረዋል። ሁሉንም በትናችሁ በአንድ ፊታቸው ያረፉትን አንሱ። 50 ገደማ ይቀራል። ደግማችሁ በትኑ፤ 25 ገደማ። በዳይስ ከሆነ "ስድስት" የወጣበትን ብቻ አንሱ፤ በግማሽ ለመቀነስ አራት ዙር ገደማ ይወስዳል። የትኛው ሳንቲም ቀጥሎ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም፤ ስንት እንደሚወጣ ግን መገመት ይቻላል። የአቶም ነገርም ይኸው ነው።

የእነዚህ ጨዋታዎች ድካማቸው ጫጫታቸውና ሞዴል መሆናቸው ነው። ገመድ ኤሌክትሪክ አይደለም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ "ይህ ጨዋታ ከእውነቱ የሚለየው በምን በምን ነው?" ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ብዙ ጊዜ ከጨዋታው ይበልጥ የሚያስተምረው ይህ ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሲሙሌሽን ወይስ እውነተኛ ዕቃ?

ሲሙሌሽን የተፈጥሮን ሂደት በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ብዙ መምህራን "ቤተ ሙከራ ስለሌለን ሲሙሌሽን እንጠቀም" ይላሉ። ሲሙሌሽን የድሃ ቤተ ሙከራ እንደሆነ ያህል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

በጣም የታወቀው የነጻ ሲሙሌሽን ስብስብ ፌት ይባላል። በፊዚክስ እ.ኤ.አ. በ2001 ኖቤል የተሸለመው ካርል ዋይማን በዓመቱ፣ በ2002፣ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የመሠረተው ነው። በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል፤ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ተማሪዎችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት በእውነተኛ ባትሪ፣ አምፖልና ሽቦ ተማሩ። ግማሾቹ በሲሙሌሽን። በጽንሰ ሐሳብ ጥያቄዎች ሲሙሌሽኑን የተጠቀሙት በለጡ። ይሄ ብዙም አያስገርም ይሆናል። ግን እውነተኛ ዑደት በእጃቸው እንዲገጣጥሙና እንዲያስረዱ ሲጠየቁም የበለጡት እነሱ ናቸው፤ ዕቃውን ነክተው የማያውቁት።

ለምን? ሲሙሌሽኑ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሲንቀሳቀሱ ያሳያል። በእውነተኛው ሽቦ ምንም አይታይም። በእውነተኛው ዕቃ ደግሞ ሽቦው ይላላል፣ አምፖሉ የተቃጠለ ይሆናል፣ ባትሪው ይደክማል፤ ተማሪው ስህተቱ የሐሳቡ ይሁን የዕቃው መለየት ያቅተዋል።

ስለዚህ የምመርጠው እንዲህ ነው። የማይታይ ነገር፣ በጣም ትንሽ፣ በጣም ትልቅ፣ በጣም ፈጣን ወይም አደገኛ ነገር ከሆነ ሲሙሌሽን። አቶም መገንባት፣ የኬሚካል እኩልታ ማመጣጠን፣ የጋዝ ቅንጣቶች፣ የፕላኔቶች ምሕዋር። ተማሪው ሊያምነው የሚከብደው ነገር ከሆነ ግን እውነተኛ ዕቃ። ኮምፒውተር ላይ ሁለት ዕቃ እኩል ሲወድቅ ያየ ልጅ "እንዲያ ብለው ሠርተውት ነው" ይላል። በዓይኑ ፊት ሲወድቅ ግን የሚለው ያጣል።

እውነተኛውን ዕቃ ወደ ጨዋታ የሚለውጠው ደግሞ "ገምት፣ ተመልከት፣ አስረዳ" የሚባለው ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሪቻርድ ዋይትና ሪቻርድ ገንስቶን ያስተዋወቁት ነው። ብርጭቆ እስከ አፉ በውሃ ሙሉና በረዶ ይንሳፈፍበት። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ይፈስሳል? እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያስቀምጥ። በጽሑፍ መሆኑን አደራ። ያልጻፈ ልጅ ውጤቱን ካየ በኋላ "እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት" ይላል፤ ይህን የሚለውም ዋሽቶ አይደለም፣ በእርግጥ እንደዚያ ይመስለዋል። ከዚያ ይጠብቃሉ። አይፈስስም። የሚንሳፈፈው በረዶ ቦታ ያስለቀቀው የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ነው፤ ሲቀልጥም ያንኑ ቦታ ይሞላል።

ሌላም አለ። አንድ ወረቀት ለብቻው ጣሉ፤ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ከመጽሐፍ ያነሰ ቁራጭ ወረቀት መጽሐፉ ላይ አስቀምጣችሁ አንድ ላይ ጣሏቸው። አብረው ይወድቃሉ። ሠላሳ ሰከንድ የሚፈጅ ሙከራ የአንድ ክፍለ ጊዜ ክርክር ይወልዳል።

ሞባይል ካላችሁ በጀርመን የአኽን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን ፋይፎክስ የተባለ ነጻ አፕ ሞክሩ። የስልኩን ሴንሰሮች የመለኪያ መሣሪያ ያደርጋቸዋል። ስልኩን ወፍራም ትራስ ላይ ጣሉት። በነጻ ሲወድቅ የፍጥንጥነት መለኪያው ወደ ዜሮ ይወርዳል። "እየወደቀ፣ ስበት እየሳበው፣ ለምን ዜሮ?" የሚለው ጥያቄ ጠፈርተኞች ለምን እንደሚንሳፈፉ ያስረዳል። ለባዮሎጂ ደግሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማኑ ፕራካሽና ባልደረባው የሠሩት ፎልድስኮፕ አለ፤ ከወረቀት የሚታጠፍ፣ 140 ጊዜ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ። የኩሬ ውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ቀድሞ ያገኘ ቡድን ሌላ ሽልማት አይፈልግም።

ረጅም የኮምፒውተር ጨዋታዎች

ከርባል ስፔስ ፕሮግራምን ውሰዱ። ተጫዋቹ ሮኬት ሠርቶ ያመጥቃል። ነዳጅ ሲጨምር ሮኬቱ ይከብዳል፤ ሲከብድ ተጨማሪ ግፊት ይፈልጋል። ፊዚክሱን ብታወጡት ጨዋታው የለም። ፎልድኢት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የፕሮቲን ማጠፍ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ሳይንቲስቶች ከአሥር ዓመት በላይ የለፉበትን የአንድ የዝንጀሮ ቫይረስ ኢንዛይም ቅርጽ በአሥር ቀን ውስጥ አገኙት፤ ውጤቱም በ2011 ኔቸር ስትራክቸራል ኤንድ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት ታተመ። ለተማሪ ይህን መንገር ራሱ ትምህርት ነው።

ግን ለመደበኛ ክፍለ ጊዜ አይሆኑም። ጨዋታውን መልመድ ብቻ ሰዓታት ይበላል፣ ጠንካራ ኮምፒውተር ይጠይቃል፣ ቤቱ ኮምፒውተር ያለውና የሌለው ልጅ እኩል አይጀምሩም። ለሳይንስ ክበብ ግን ግሩም ናቸው። ለትምህርት ቤት የተዘጋጀው የግንባታ ጨዋታ ማይንክራፍት ኤጁኬሽን በመሃል ነው፤ የሚያስተምረው መምህሩ ያዘጋጀውን ያህል ነው።

የተቆለፈ ሣጥን የመክፈት ጨዋታም በብዛት እያየሁ ነው። ተማሪዎች እንቆቅልሽ ፈትተው የቁልፉን ቁጥር ያገኛሉ። ዝግጅቱ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በኔ ፈተና ይወድቃል፤ የጥያቄና መልስ ውድድር ቁልፍ ተንጠልጥሎበት ነው። አንድ ሁኔታ ላይ ብቻ እመርጠዋለሁ፦ ቁጥሩ ከልኬት የሚወጣ ሲሆን። ለምሳሌ የአንድን ብረት ክብደትና ይዘት ለክተው ጥግግቱን ሲያሰሉ ቁጥሩ ቁልፉ ከሆነ፣ ያልተጠነቀቀ ልኬት ሣጥኑን አይከፍትም። ያኔ ተማሪው ትክክለኛ ልኬት ለምን እንደሚያስፈልግ መምህሩ ሳይነግረው ይገባዋል።

ስለ ነጥብና ሽልማት

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ነጥብ፣ ባጅና የደረጃ ሰንጠረዥ ማንኛውም ትምህርት ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ስለዚህም ይወደዳል። ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት ያደረጉትን ሙከራ አስታውሱ። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መረጡ። ለአንዳንዶቹ "ብትሥሉ ሽልማት አለ" አሏቸው። ከቀናት በኋላ ሽልማት በሌለበት ጊዜ እነዚህ ልጆች ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ቃል ካልተገባላቸው ልጆች በግማሽ ያህል አነሰ። የሚወዱት ነገር ሥራ ሆነባቸው።

ስለዚህ ምርጫችሁ በሚያጓጓ ጥያቄና በነጥብ መካከል ከሆነ ጥያቄውን ምረጡ። ነጥብ የግድ ካስፈለገ ለቡድን ይሁን፤ ለትክክለኛ መልስ ብቻ ሳይሆን ለጥሩ ምክንያትም ይሰጥ። ደካማው ልጅ ሁልጊዜ ስሙ ከታች የሚጻፍበት ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ መስቀል ግን ይቅር። ያ ልጅ ከሰንጠረዡ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይንስ የኔ አይደለም የሚለውን።

በእጃችሁ ባለው ስትመርጡ

ስልሳ ተማሪ በጠባብ ክፍል፣ መሣሪያም የለም እንበል። የጣት ድምፅና ክርክሩን፣ "ገምት፣ ተመልከት፣ አስረዳ"ን ያዙ፤ የገመዱን ጨዋታ ደግሞ ሜዳ ላይ በተራ በተራ አድርጉት። ከብዙ ውድ መሣሪያ የተሻለ ትምህርት ይወጣዋል።

አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ብቻ ካለ ሲሙሌሽኑን መምህሩ ይንዳው፤ ተማሪዎቹ ግን ቁልፉ ከመነካቱ በፊት "አሁን ምን ይሆናል?" በሚለው ላይ ድምፅ ይስጡ። ዝም ብሎ የሚታይ ሲሙሌሽን ከቪዲዮ አይለይም። ለሁለት ተማሪ አንድ ኮምፒውተር ከደረሰ ደግሞ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ እንደፈለጉ ይነካኩ፤ ከዚያ ፈተና ስጧቸው። "አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዳይጠፋ ሁለት አምፖል ገጣጥሙ" የሚል ትእዛዝ ከአንድ ገጽ ዝርዝር መመሪያ ይሻላል።

ፈተና ደርሶ ክለሳ ላይ ከሆናችሁ ፈጣኑ ውድድር ጊዜው አሁን ነው፤ ተጠቀሙበት። አዲስ ምዕራፍ የምትጀምሩ ከሆነ ግን ተዉት። ያልተማሩትን ማስታወስ አይችሉምና።

አንዳንድ ትምህርት ደግሞ ጨዋታ አይፈልግም። የጨረቃ ቅርጽ መለዋወጥን ለማስረዳት ጨለማ ክፍል፣ አንድ መብራትና ለእያንዳንዱ ልጅ እርሳስ ላይ የተሰካ ኳስ ይበቃል። ልጁ ኳሱን ይዞ በዝግታ ሲዞር ግማሽ ጨረቃን በገዛ እጁ ላይ ያያታል። እዚያ ላይ ውድድር መጨመር ያንን ጸጥታ ማበላሸት ነው።

ከጨዋታው በኋላ

አርባ ደቂቃ ካላችሁ ጨዋታው ከሃያ አምስት አይለፍ። ከተማሪዎች ጋር የሚደረገው ውይይት ከተቆረጠ ልጆቹ ይዘው የሚወጡት ማን እንዳሸነፈ ብቻ ነው። እኔ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ምን አያችሁ? ለምን ሆነ? ሕጉን አንድ ቦታ ብንቀይር ምን ይፈጠር ነበር? ሦስተኛው ላይ በምንቃር ጨዋታ "ትልልቆቹን ዘሮች ባነሳስ?" ብዬ ጠይቄ ያልተጠበቀ ክርክር ሰምቻለሁ።

ምርጫችሁ ልክ መሆኑን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከትምህርቱ በፊትና በኋላ ያንኑ አጭር ፈተና ስጡ። አምስት ጥያቄ ይበቃል፤ ቀመር ሳይሆን ግንዛቤ የሚፈትሹ። ሪቻርድ ሄክ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመውን ስሌት ተጠቀሙ፦ ከኋለኛው አማካይ የፊተኛውን ቀንሱ፣ ከዚያ ከ100 ላይ የፊተኛውን ቀንሳችሁ ለዚያ አካፍሉት። ክፍሉ ከ40 ተነስቶ 70 ከደረሰ፣ 30 ለ60 ሲካፈል 0.5 ይሆናል። ሊሻሻል ከሚችለው ግማሹ ተሻሽሏል ማለት ነው። ሄክ ከ6,500 በላይ ተማሪዎች የነበሩባቸውን 62 የፊዚክስ ኮርሶች ሲያወዳድር በተለመደው አስተምህሮ አማካዩ 0.23፣ ተማሪው በሚሳተፍባቸው ደግሞ 0.48 ሆኖ አግኝቶታል።

ከአምስቱ ጥያቄ አንዷ የእጅ ሥራ ትሁን። የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ የኔዋ አሁንም ያችው ናት፤ አንድ ባትሪ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ቁራጭ ሽቦ።